የወረቀት ልጆችና ስም የለሽ ገጣሚዎች፦ አሜሪካ ለቻይናውያን በሯን በዘጋችበት ዘመን የተጻፈው

ባለኦክላንዱ (ክሩን የከፈተው)

ባለፈው ስለ ስደት ሥነ ጽሑፍ ስንጨቃጨቅ አንድ ወዳጃችን «የመጀመሪያው ትውልድ ይሠራል፣ ልጁ ይማራል፣ የልጅ ልጁ ይጽፋል» ብሎ ነበር። እዚያው ልመልስለት አስቤ ነገሩ ስለረዘመብኝ ተውኩት። ለብቻው ክር ይገባዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቻይናውያን ስደተኞች አሜሪካ ውስጥ የጻፉትን ላየ ሰው ይህ አባባል አይቆምም። ጽፈዋል፤ ያውም ብዙ። የሚገርመው ከጻፉት ውስጥ ትልቁ ክፍል ስም የሌለው መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ስም የለሽ ያደረጋቸው ሕጉ ራሱ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደምል ላስረዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

ቻይናውያን በ1850ዎቹ ወርቅ ፍለጋ ካሊፎርኒያ ገቡ፤ በኋላም በ1869 ለተጠናቀቀው አህጉር አቋራጭ ባቡር ሐዲድ ተራራ ፈለፈሉ። አገር ቤት ካሊፎርኒያን «የወርቅ ተራራ» ነበር የሚሏት። ሐዲዱ አልቆ ሥራ ሲጠፋ ጣት ሁሉ ወደነሱ ተቀሰረ። በ1875 የፔጅ ሕግ የሚባለው መጣና በተግባር የቻይና ሴቶችን ከወደብ መለሰ። ሜይ 6 ቀን 1882 ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር የፈረሙት የማግለያ ሕግ ደግሞ የቻይና ሠራተኛ ለአሥር ዓመት እንዳይገባ አገደ፤ ቀድሞ የገባውም ዜግነት እንዳያገኝ በሩን ዘጋ። የተረፉት ነጋዴ፣ ተማሪ፣ አስተማሪ፣ ዲፕሎማትና ተጓዥ ብቻ ናቸው። በ1888 ጭራሽ ባሰ፦ ቤተሰብ ሊጠይቁ የሄዱ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች የመመለሻ ወረቀታቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወረቀቱ ዋጋ የለውም ተባለ። አንዳንዶቹ መርከብ ላይ ነበሩ። በ1892 እገዳው ለሌላ አሥር ዓመት ተራዘመ፤ የመኖሪያ ምስክር ወረቀት ይዞ መንቀሳቀስም ግዴታ ሆነ። ሳይዝ የተገኘ ሰው ከመባረር ለመዳን ቢያንስ አንድ ነጭ ምስክር ማቅረብ ነበረበት። ከ1904 ወዲህ የጊዜ ገደቡም ተነሣ፤ እገዳው እስከ ዲሴምበር 1943 ድረስ ዘለቀ።

በ1890 ቆጠራ 107,488 የነበሩት ቻይናውያን በ1920 ወደ 61,639 ወረዱ። በ1890 ለአንዲት ሴት ወደ 27 ወንድ ነበር። ልጅ ያልወለደ፣ ትዳር ያልያዘ፣ ወይም ሚስቱን በሰባት ዓመት አንዴ የሚያይ የወንድ ሰፈር አስቡት።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልምጣ። ሁለት ነገር ተገጣጠመ። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እዚህ የተወለደ ቻይናዊ ዜጋ ነው ብሎ ፈረደ። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ተከትሎት የተነሣው እሳት የከተማዋን መዝገቦች አነደደ። እንግዲህ «እዚህ ነው የተወለድኩት» የሚልን ሰው የሚያስተባብል መዝገብ ጠፋ። ዜጋ የተባለው ሰው ደግሞ ቻይና የተወለደ ልጁን ማስገባት ይችላል። ስለዚህ አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሁሉ «ወንድ ልጅ ወልጃለሁ» ብሎ ያስመዘግባል፤ ያ ያልተወለደ ልጅ ቦታ ለዘመድ ወይም ለመንደሩ ሰው ይሸጣል። ዋጋው በጥቅሉ ለአንድ የዕድሜ ዓመት 100 ዶላር ያህል ነበር ይባላል። በዚህ መንገድ የመጡት «የወረቀት ልጆች» ተባሉ።

መንግሥትም ነገሩን ነቄ ነበር። ከ1910 እስከ 1940 ሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ውስጥ ባለችው ኤንጀል ደሴት ላይ ጣቢያ ከፍቶ ያጣራቸው ጀመር። ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ኤሊስ ደሴት የሚደርሰው አውሮፓዊ በሰዓታት፣ ቢበዛ በቀናት ያልፋል። እዚህ ቻይናዊው ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ በእንጨት ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ይቆያል። ያን የእንጨት ግድግዳ ነው በግጥም የሞሉት። መጀመሪያ በብሩሽና በቀለም ይጽፋሉ፤ ኃላፊዎቹ ቆሻሻ ነው ብለው ሲቀቡት በቢላ ይቀርጹታል፤ ቅርጹን በማጣበቂያ ሲደፍኑት እላዩ ላይ እንደገና ይጽፋሉ። ዛሬ ከ200 በላይ ግጥሞች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ የጻፊው ስም የለባቸውም።

ነጥቤ ይህ ነው። ደሴቲቱ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይመረት ነበር። አንደኛው የምርመራ መዝገብ ነው፦ ስም አለው፣ ፎቶ አለው፣ ፊርማ አለው፣ ግን ብዙው ተረት ነው። ሁለተኛው ግድግዳው ነው፦ ስም የለውም፣ ግን ሰውየው የተሰማውን ነው የሚናገረው። በእውነተኛ ስሙ ቢፈርም ወረቀቱ ይጋለጣል፤ በወረቀቱ ስም ቢፈርም ግጥሙ የእሱ አይሆንም። ታዲያ በማን ስም ይፈርም?

---

ጥያቄአለኝ

ባለኦክላንዱ እጅህ ይባረክ። ምርመራው ላይ ምን ይጠየቁ ነበር? «አባትህ ማነው» ብቻ ከሆነ ማን ይወድቃል?

---

ባለኦክላንዱ

እሱ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ኢንስፔክተሮች፣ አንድ አስተርጓሚና አንድ ቃል ጻፊ ይቀመጣሉ። ልጁ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ሊሆን ይችላል። ቤታችሁ ፊቱ ወዴት ነው? በሩ ላይ ስንት ደረጃ አለ? የሩዙ ማስቀመጫ የት ጥግ ነው ያለው? በእናንተ ረድፍ ሦስተኛው ቤት ማን ይኖራል? የሰውየው ሚስት እግሯ በልማዳቸው እንዳያድግ የታሰረ ነው ወይስ ያልታሰረ? ውሃ የምትቀዱት ከየት ነው? አያትህ የተቀበሩት የት ነው? ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ለ«አባት» ያቀርቡለታል። መልሳቸው ካልገጠመ ልጁ ይመለሳል። ይህ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ተስማምተው እንዳያታልሉ ብለውም አስተርጓሚውን ይቀያይሩታል።

ለዚህ ሲባል የጥናት ደብተር ይሸጥ ነበር። ልጁ መርከብ ላይ እያለ በቃሉ ይወጣውና ወደብ ሳይደርስ ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። ደሴቱ ላይ ያልታሰበ ጥያቄ ከመጣ ደግሞ ከተማ ካለው ዘመድ ወረቀት ይላካል። ማመላለሻዎቹ የወጥ ቤት ሠራተኞቹ ናቸው፤ በዕረፍት ቀናቸው ቻይናታውን ወርደው ይቀበላሉ፣ ለምግብ ሰዓት ይዘውት ይመጣሉ። የኦቾሎኒ ቅርፊት ተከፍቶ ወረቀቷ ትገባና መልሶ ይጣበቃል። የሙዝ ልጣጭ ውስጥም ይደብቁ ነበር። እስረኞቹ በ1922 አካባቢ የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ነበርና ወረቀቱን ለባለቤቱ የሚያደርሰው እሱ ነው። ጠባቂ አይቶ ሊነጥቅ ቢሞክር ተረባርበው ያስጥሉታል እንጂ ዝም ብለው አያዩም።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ፣ የእውነት ልጅ የሆነውም ይወድቅ ነበር። አባቱ ከመንደሩ ከወጣ አሥር ዓመቱ ነው፤ የዶሮው ቤት ከተነቀለ አባትየው በምን ያውቃል? ስለዚህ እውነተኞቹም ደብተር ያጠኑ ነበር።

---

ፊደልቆጣሪ

ታሪኩ ልብ ይነካል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን «ሥነ ጽሑፍ» የሚለው ላይ ቆም እንበል። እስር ቤት ግድግዳ ላይ የተጫረ ነገር ሁሉ ሥነ ጽሑፍ ከተባለ ማዕከላዊ ግድግዳ ላይ የነበረውም የግጥም መድበል ነበር ልንል ነው። ከነዚህ ግጥሞች የተወሰኑትን በእንግሊዝኛ አንብቤያለሁ። አንዱን ያነበበ ሁሉንም አንብቧል፦ ጉም፣ ነፋስ፣ የእንጨት ቤት፣ እንባ፣ አረመኔዎቹ በደሉኝ፣ አገሬ ደካማ ሆና ነው። ሰነድ ነው ብትሉኝ እቀበላለሁ። ኪነ ጥበብ ነው ስትሉኝ ግን ለሐዘኔታ ስትሉ ሚዛኑን እየጣላችሁት ነው።

---

ባለኦክላንዱ

ፊደልቆጣሪ፣ ስለ መደጋገሙ ያልከው ልክ ነው። እኩል ጥሩ አይደሉም። ፊደል የገደፉም፣ ቤት ያልመታላቸውም አሉ፤ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ናቸው፣ ትምህርታቸው የመንደር ትምህርት ቤት ነው።

ግን «የተጫረ» አይደለም። በጥንቱ የቻይና ታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተደነገገውን ቅርጽ ይዘው ነው የጻፉት፦ አራት ወይም ስምንት መስመር፣ በመስመሩ አምስት ወይም ሰባት ፊደል፣ ቤት መምቻውም የታወቀ። ውስጡ ያለውን ታሪክ ካላወቅህ ግጥሙ እንባ ብቻ ይመስልሃል። አንዱ ሱ ዉን ይጠቅሳል፤ ይህ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን መልእክተኛ ሆኖ ሄዶ ሲዮንግኑ የሚባሉት የሰሜን ዘላኖች 19 ዓመት ያገቱት፣ በግ እየጠበቀ ለንጉሡ ታማኝ ሆኖ የቆየ ሰው ነው። ሌላው ዮውሊ በሚባል ቦታ የታሰረውን ንጉሥ ዌንን ያነሣል፤ እሱ ከእስሩ ወጣ፣ ያሰረውን ሥርወ መንግሥትም ልጁ ገለበጠው። ስለዚህ «እንደ ንጉሥ ዌን ታሰርኩ» ያለው ልጅ አለቀሰ ብቻ አይደለም፤ ቀን ይወጣልኛል፣ ያኔ እንተያያለን ማለቱ ነው። ቅኔ ሰምቶ ሰሙን ብቻ ይዞ እንደሄደ ሰው እንዳንሆን ብዬ ነው።

ደግሞ መልስ ይሰጣጡ ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው ከወራት በኋላ አንብቦ በዚያው ቤት መምቻ ይመልስለታል። አንዳንዱ ያጽናናል፣ አንዳንዱ የሚመጡትን ይመክራል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። የበቀል ግጥም ሞልቷል፤ ቻይና የበረታች ቀን ወየውላችሁ የሚል። ይህኛው ለሙዚየም ጎብኚ አይመችም መሰለኝ ብዙ ጊዜ ተነጥሎ የሚለጠፈው ያለቃሹ ነው።

---

ንባብወዳድ

ወንዶቹን ብቻ አወራችሁ እኮ። ሴቶችስ?

በደሴቲቱ ወንድና ሴት ተለያይተው ነው የሚታሰሩት፤ ባልና ሚስት እንኳ ጉዳያቸው እስኪያልቅ አይገናኙም ነበር። የሴቶቹ ክፍል የነበረው የአስተዳደሩ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን በ1940 ተቃጥሏል። እዚያ የነበሩ ሴቶች ግጥም አይተናል ብለዋል፤ አንድም መስመር አልተረፈም።

ማንነቷን የምናውቃት፣ ያውም በእንግሊዝኛ የጻፈች፣ አንዲት ሴት ግን አለች። እውነተኛ ስሟ ኢዲት ሞድ ኢተን፤ አባቷ እንግሊዛዊ፣ እናቷ ቻይናዊት፤ በ1865 እንግሊዝ አገር ማክልስፊልድ ተወልዳ ሞንትሪያል አደገች። ስዊ ሲን ፋር በሚል የብዕር ስም ጻፈች። መልኳ ነጭ ነው ቢባል ማንም የማይጠረጥረው ነበር። በ1909 ባሳተመችው የራሷ ትዝታ ውስጥ የማልረሳው ቦታ አለ። የመጣችበት ከተማ ሰው አያውቃትም፤ ማዕድ ላይ አሠሪዋና ሌሎች ተቀምጠው ቻይናውያን እንደኛ ሰው መሆናቸው እንኳ ያጠራጥራል እያሉ ያወራሉ። ዝም ብትል ያልፋል። ቀና ብላ እኔ ቻይናዊት ነኝ አለቻቸው። የገዛ እህቷ ዊኒፍሬድ በበኩሏ የጃፓን የሚመስል ስም ይዛ ኦኖቶ ዋታና ሆና ጻፈችና ብዙ ሸጠች፤ ያኔ ጃፓናዊ መሆን ይሻል ነበርና። ከአንድ እናት የወጡ ሁለት ጸሐፊዎች ናቸው እንግዲህ።

ስለ ሕጉ ደግሞ ከስዊ ሲን ፋር በላይ የጻፈ አላየሁም። «በነፃው ምድር» የሚል አጭር ልብ ወለድ አላት፤ በ1912 በወጣው መድበሏ ውስጥ አለ። ላየ ቹ የምትባል የነጋዴ ሚስት ቻይና ሄዳ ወልዳ፣ የባሏን ወላጆች ጧሪ ሆና ቆይታ፣ ልጇን ታቅፋ ሳን ፍራንሲስኮ ትደርሳለች። እሷ ትገባለች፤ ለልጁ ግን ወረቀት የለውም ይሉና ይወስዱባታል። ጥቂት ቀን ነው ብለው ነበር። ወር ይሆናል። ጠበቃው ዋሽንግተን ድረስ ልሂድ፣ አምስት መቶ ዶላር ይላል፤ ባልየው የለውም፤ ሚስትየዋ የጆሮዋን፣ የእጇን፣ ያላትን ጌጥ ሁሉ አምጥታ ፊቱ ታፈስለታለች። አሥር ወር አልፎ ወረቀቱ ሲመጣ ሚስዮን ቤት ሄዳ ልጇን ትጠራዋለች። ልጁ የሚስዮኗ ሴት ቀሚስ ውስጥ ይደበቅና «ሂጂ! ሂጂ!» ይላታል። እዚያው ላይ ያበቃል።

ሕጉ እኮ በልብ ወለዱ ውስጥ አልተጣሰም። ሁሉም ሥራውን ነው የሠራው። ጨካኝ ሰው የለበትም፤ ጨካኙን ፈልጌ አጣሁት።

---

ጥያቄአለኝ

እህቴ ንባብወዳድ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?

---

ንባብወዳድ

በ1914 ሞንትሪያል ሞተች፤ አላገባችም። ታይፒስትነት፣ ጋዜጠኝነት፣ ያገኘችውን እየሠራች ነው የኖረችው። ቻይናውያኑ ሐውልት አቁመውላታል፤ ቻይናን አለመርሳቷን የሚያመሰግን አራት ፊደል ተጽፎበታል።

---

ሕግናነገር

ስለ 1898ቱ ፍርድ ጥቂት ልጨምር፤ ዛሬም የሚጠቀስ ስለሆነ። ዎንግ ኪም አርክ የሳን ፍራንሲስኮ ልጅ ነው፤ ምግብ አብሳይ። በ1895 ከቻይና ሲመለስ ዜጋ አይደለህም ተብሎ ወደብ ላይ መርከብ ውስጥ ታገተ፤ ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው እያዘዋወሩ ወራት አቆዩት። ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሁለት ፈረደለት። በአሜሪካ ምድር የተወለደ ሰው ዜጋ ነው የሚለው መርህ በዚህ ሰው ስም ነው የቆመው፤ የኛም ልጆች ፓስፖርት እዚያ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

የ1924ቱን ሕግ ማንም አላነሣውም። ለየአገሩ ኮታ ያወጣው ሕግ ነው። ዝርዝሩ ላይ ኢትዮጵያ አለች፦ በዓመት 100 ሰው። ቻይናም አለች፦ 100። እኩል ናቸው እንዳትሉ! ከ1870 ጀምሮ የአፍሪካ ተወላጅ ዜግነት የማግኘት መብት በሕግ ነበረው፤ ቻይናዊ አልነበረውም። የ1924ቱ ሕግ ደግሞ ዜግነት ማግኘት የማይችል ሰው በስደተኝነት አይገባም ስለሚል፣ ለቻይና የተሰጠው 100 ቦታ ቻይና ውስጥ ለተወለደ ቻይናዊ ላልሆነ ሰው ነበር። ይህን ያረቀቀው ባለሙያ ሳይስቅ ነው የጻፈው? በ1943 እገዳው ሲነሣም የተሰጣቸው ኮታ በዓመት 105 ነው፤ እሱም በአገር ሳይሆን በዘር የሚቆጠር፤ ለንደን የተወለደ ቻይናዊ ከዚያው ከ105ቱ ነው የሚቀነሰው። የተነሣውም ቻይና በጦርነቱ አጋር ስለሆነችና ጃፓን በሬዲዮ እያነሣች ስለምትነዘንዝባቸው ነው እንጂ ጽድቅ ታይቷቸው አይደለም። በሩ በእውነት የተከፈተው በ1965 ነው።

---

የዲሲዋ

ደብተሩ ላይ ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን የደስታ አልነበረም።

እናቴን ሳስመጣ የልደት ምስክር ወረቀት አምጪ ተባልኩ። እናቴ የተወለደችው ለጥምቀት ሰሞን መሆኑን ነው የሚያውቁት፤ ዓመተ ምሕረቱን ያሰላንላት እኛ ነን። አገራችን ውስጥ የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በፈረንጅ 2016 ነው እኮ። ከዚያ ሦስት ስም ጣጣ አለ፦ የኔ የመጨረሻ ስም አያቴ ናቸው፣ የእሷ የመጨረሻ ስም የእሷ አያት። «እናትና ልጅ ከሆናችሁ ለምን የቤተሰብ ስማችሁ ይለያያል?» ሲሉኝ እውነቱን ተናግሬ ውሸታም መሰልኩ። ባለኦክላንዱ እውነተኞቹም ይወድቁ ነበር ያልከው እዚህ ጋ ገባኝ።

በ2008 ደግሞ በአፍሪካ ስደተኞች የቤተሰብ ማገናኛ ፕሮግራም ላይ የዲኤንኤ ምርመራ ተጀምሮ፣ ናይሮቢ ላይ ከሶማሌና ከኢትዮጵያ ስደተኞች ነው የተጀመረው፣ ብዙው አልገጠመም ተብሎ ፕሮግራሙ ለዓመታት ተዘጋ። ያጭበረበረ የለም አልልም። ግን የሟች እህቷን ልጅ እንደ ልጇ ያሳደገች ሴት «ልጄ ነው» ብትል ዋሸች? በኛ አገር ቋንቋ እሱ ልጇ ነው።

---

ፊደልቆጣሪ

የዲሲዋ፣ ያልሽው እውነት ነው፤ ግን የወረቀት ልጅና የማደጎ ልጅ አንድ አይደሉም። እዚያ እኮ ቦታው በዶላር ተሽጧል። ደላላ ነበረው። የኛም ዲቪ ላይ «ሚስት» ጨምሮ የሚሞላው ደላላ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሕጉ ክፉ ስለሆነ የዋሸው ሁሉ ጀግና ነው ማለት አይመቸኝም።

ባለኦክላንዱ ስለ ንጉሥ ዌን ያልከውን ተቀብያለሁ። «አንዱን ያነበበ ሁሉንም አንብቧል» ያልኩትን ግን ገና አልነሣሁም።

---

ባለኦክላንዱ

ጀግና አላልኩም ወንድሜ። ደላላው ደላላ ነው። የሠራተኛ ልጅ ከሆንክ ግን ሌላ በር አልነበረም፤ ነጋዴ ነኝ ብለህ መዋሸት ወይም የሰው ልጅ ነኝ ብለህ መዋሸት ነው ምርጫው።

መደጋገሙ ላይ ደግሞ የማትሰለችበትን ነገር ልጠቁምህ። ግድግዳውን ተወውና የቻይናታውን የግጥም መጻሕፍትን እይ። በ1911 እና በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሁለት መድበል ወጥቷል፤ በካንቶን አነጋገር የተገጠመ የወርቅ ተራራ ዘፈን ነው፣ እያንዳንዱ 46 ፊደል፤ ሁለቱ ተደምረው ከ1,600 በላይ ግጥም። እዚህም ስም የለም። ግን ልቅሶ ብቻ አይደለም! ቁማር የበላው አለ፤ ሀብታም ሆኖ አገር የገባው ሲጎርር ታገኘዋለህ፤ ከሴተኛ አዳሪ ቤት መውጣት የምትመኝ ሴት አለች፤ ባሏ አሜሪካ ቀርቶባት ሌሊቱን የምትራገም ሚስት አለች፤ ብልግናውም ሞልቷል። የሚስትየዋን የጻፈው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። እኔ ወንድ ይመስለኛል፤ አገር ቤት ያለችው ሚስቱ ምን እንደምትለው ልብስ እጥበት ቤቱ ጀርባ ቁጭ ብሎ የሚያስብ ወንድ።

---

ጥያቄአለኝ

ቆይ፣ በስማቸው የጻፉ ወንዶች የሉም? ሁሉም ስም የለሽ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከበደኝ።

---

ሕግናነገር

አሉ፤ ግን ሕጉ የማይነካቸው የተማሩት ናቸው፤ ይህም የባለኦክላንዱን ነጥብ ያጠነክራል። የቻይና መንግሥት ከ1872 ጀምሮ 120 ልጆች ለትምህርት ልኮ ነበር። ከነሱ አንዱ ያን ፉ ሊ በ1887 ስለ ልጅነቱ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በ1889 ደግሞ የቅስቀሳው መፈክር «ቻይናውያን ይውጡ» ነበርና «ቻይናውያን ይቆዩ» ብሎ በታወቀ መጽሔት ላይ መለሰ፤ ክሱን አንድ በአንድ እየዘረዘረ ነው የሚያፈርሰው፤ ጠበቃ ቢሆን እቀጥረው ነበር።

ያንን የትምህርት ጉዞ ያደራጀው ዩንግ ዊንግ ደግሞ በ1854 ከዬል የተመረቀ የመጀመሪያው ቻይናዊ ነው። በ1852 የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ ነበር። በ1898 ዜግነትህ አይጸናም ተባለ። ሚስቱ አሜሪካዊት፣ ልጆቹ አሜሪካውያን። በ1902 ልጁ ከዬል ሲመረቅ ለማየት ሾልኮ ነው የገባው። የሕይወት ታሪኩን በ1909 አሳትሟል።

---

ንባብወዳድ

ግጥሞቹ እንዴት ተረፉ? ሁልጊዜ ይቀቡት ነበር ብለሃል።

---

ባለኦክላንዱ

በሁለት መንገድ። አንደኛው እስረኞቹ ራሳቸው ናቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ስማይሊ ጃንና ቴት ዪ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በየፊናቸው ታስረው ሳለ ግድግዳውን በደብተር ገልብጠው ይዘውት ወጡ፤ እያንዳንዳቸው ወደ መቶ የሚጠጋ ግጥም ነው። ኋላ የጠፉትን የምናውቀው ከነሱ ደብተር ነው።

ሁለተኛው ዕድል ነው። የአስተዳደሩ ሕንፃ በ1940 ከተቃጠለ በኋላ ቦታው ለጦሩ፣ ከዚያም ለፓርክ ተሰጠ፤ የእስረኞቹ ሕንፃ ሊፈርስ ተወስኖ ነበር። በ1970 አሌክሳንደር ዋይስ የሚባል የፓርኩ ጠባቂ ውስጡን በባትሪ ሲያይ ከቀለሙ ሥር የተቀረጸ ፊደል አየ። አለቆቹ ደንታ አልሰጡትም። እሱ ግን ለዩኒቨርሲቲ መምህር ነገረ፤ ፎቶ ተነሣ፤ የእስረኞቹ ልጆች ተነሡ፤ በ1976 የካሊፎርኒያ ግዛት 250,000 ዶላር መደበ። በ1980 ሂም ማርክ ላይ፣ ጄኒ ሊምና ጁዲ ዩንግ ግጥሞቹን ከትርጉማቸውና ከቀድሞ እስረኞች ምስክርነት ጋር በመጽሐፍ አወጡ። ሂም ማርክ ላይ ራሱ የወረቀት ልጅ ልጅ ነው፦ መሃል ላይ ያለው «ማርክ» አባቱ የገዙት የወረቀት ስም ነው፤ «ላይ» የእውነቱ። ሁለቱንም ተሸክሞ ነው የታሪክ ምሁር የሆነው።

ምስክርነት ለመሰብሰብ ሲዞሩ ሽማግሌዎቹ ስማችንን እንዳትጽፉ ብለዋቸው ነበር። 1980 እኮ ነው! ከ1956 እስከ 1965 መንግሥት «ወረቀታችሁ የውሸት መሆኑን ራሳችሁ ተናዘዙ» የሚል ፕሮግራም ነበረው። አንዱ ሲናዘዝ በወረቀቱ የተያያዙት ወንድሞች፣ አጎቶች፣ ልጆች ሁሉ ስማቸው ይነሣል። ያን የፈራ ሰው ለልጁም ሳይነግር ነው የሞተው።

---

የዲሲዋ

ዘንድሮ ልጆቹን ይዤ ካሊፎርኒያ ልመጣ ነው። ደሴቲቱ ትጎበኛለች? ግድግዳውን ማየት ይቻላል?

---

ባለኦክላንዱ

ይቻላል። ጀልባው ከሳን ፍራንሲስኮና ከቲቡሮን ይነሣል፤ ከቲቡሮን ያጥራል። ጣቢያው ግን መውረጃው ጋ አይደለም፤ በደሴቲቱ ሌላ ጎን ስለሆነ ዳገቱን በእግር ትሄጃላችሁና ለልጆቹ ጫማና ሹራብ ያዢላቸው፤ ሐምሌም ቢሆን ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ሙዚየሙ ክፍት የሚሆንበትን ቀን ቀድመሽ አረጋግጪ። ፊደሉ በጎን ብርሃን ካልሆነ በደንብ አይታይም፤ አስጎብኚው በባትሪ ያሳያችሁ ዘንድ ጠይቁት። ኦክላንድ ስትደርሺ በግል መልእክት ጻፊልኝ፤ ቡና አለ።

---

ፊደልቆጣሪ

የ1911ዱን መድበል ትርጉም ቤተ መጻሕፍት አስያዝኩ። የብልግናውን ነው መጀመሪያ የማነበው፤ ከዚያ ተመልሼ እከራከርሃለሁ።